በአፍሪካ ሐይቆች ላይ ስለሚሄዱ መርከቦች፤ አሠራራቸውና የጭነታቸው ልክ

በሐይቅ ዳር ያደገ ልጅ የብረት መርከብ በውሃው ላይ ስትሄድ ባየ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው፥ «ይህች ከወዴት መጣች?» ብሎ ነው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በታላቁ ባሕር ላይ ያለች መርከብ ከየትኛውም ወደብ ተነሥታ ልትመጣ ትችላለች፤ ባሕሩ አንድ ስለ ሆነ መንገዱ አይዘጋባትም። ሐይቅ ግን በየብስ የተከበበ ነው። ስለዚህ የሐይቅ መርከብ ወይ በዳርቻው ትሠራለች፥ ወይም በምድር ላይ ተጕዛ፥ ዳገት ወጥታ፥ ቈላ ወርዳ ትደርሳለች። መምህራን ይህን ሲያስረዱ ከጂኦግራፊ ትምህርት ቢጀምሩ ይቀላል። (በዚህ ጽሑፍ የተነገረው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

የአፍሪካ ታላላቅ ሐይቆች ከባሕር ወለል እጅግ ከፍ ብለው የተቀመጡ ናቸው። የእኛ ጣና 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ቪክቶርያ 1,134፥ ታንጋኒካ 773 ሜትር ያህል ነው። ከእነርሱ የሚወጡት ወንዞች ወደ ባሕር የሚወርዱት በፏፏቴና በድንጋያማ አሸንዳ ነው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ብዙ ሳይርቅ በጢስ ዓባይ ይወድቃል። ከቪክቶርያ የሚወጣው ነጭ ዓባይም በኡጋንዳ ምድር ታላላቅ ፏፏቴዎች አሉበት። ከኒያሳ፥ ዛሬ የማላዊ ሐይቅ ከሚባለው፥ የሚወጣው የሺሬ ወንዝ በመካከሉ መርከብ የማያሳልፍ ረዥም የድንጋይ መውረጃ አለው። እንግዲህ ከባሕር ተነሥቶ በወንዝ ወደ ሐይቅ መውጣት የማይቻል ስለ ሆነ፥ የሐይቅ ዳር ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በአገራቸው የበቀለውን ነገር ይዘው ጀልባ ሠሩ።

በጣና ላይ የሚሠራው ታንኳ ነው። ለዚህ ሥራ የታወቁት የወይጦ ሰዎች ከሐይቁ ዳር የሚበቅለውን ደንገል አጭደው፥ አድርቀው፥ በልጥና በገመድ አስረው ጫፉን ወደ ላይ ያቀኑታል። ከዘጌና ከሌላውም ስፍራ እንጨትና እህል ወደ ባሕር ዳር ገበያ፥ መነኰሳትንም ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ሲያመላልስ የኖረው ይህ ታንኳ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ስላለው አገር ሲናገር የደንገል መርከብ ማንሣቱን ሊቃውንቱ ያውቁታል፤ በግብጽም የጥንት ሥዕሎች ላይ እንደዚህ ያለ ጀልባ ይታያል። የታንኳው ጕድለት ዕድሜው ማጠሩ ነው። ደንገሉ ጥቂት ወራት እንደ ሠራ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ያን ጊዜ ወደ ዳር ተጐትቶ በፀሐይ ይደርቃል፥ ወይም ተጥሎ ሌላ ይሠራል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ነገር አለው፤ በጀልባነቱ ሳይሆን በደንገልነቱ ይንሳፈፋል። የደንገሉ ውስጥ እንደ ቡሽ ያለ፥ አየር የሞላበት ስለ ሆነ፥ ማዕበል ቢገባበትም ሰውዬው ይረጥባል፥ እህሉም ይበላሻል እንጂ ታንኳው ወዲያው ወደ ጥልቁ አይወርድም። ይህ ነገር ከዚህ በታች ስለሚያስፈልግ አንባቢው ልብ ይበለው።

በቪክቶርያ ሐይቅ የነበረው አሠራር ሌላ ነው። በሴሴ ደሴቶች የሚኖሩት ባለሙያዎች ሳንቃ ጠርበው፥ በጫፍ በጫፉ ቀዳድተው፥ በዘንባባ ዓይነት ቃጫ እየሰፉ ረዣዥም ጀልባዎች ይሠሩ ነበር። በውስጡ ምስማር የሚባል ነገር የለም። የቡጋንዳ ነገሥታት ወታደሮቻቸውን የሚያሻግሩት በእነዚህ ነበር።

በአገራችንም ዐፄ ቴዎድሮስ የእንፋሎት መርከብን ነገር ሰምተው በጣና ላይ ለመሞከር አስበው ነበር። ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋራ መጥቶ በኋላ የታሰረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በ1868 ባሳተመው መጽሐፉ፥ ንጉሠ ነገሥቱ በ1866 ትልልቅ ጀልባዎች አሠርተው በሁለት ጎናቸው በእጅ የሚዞር መንኰራኵር እንዳስገጠሙባቸው ጽፏል። ሐኪሙ ነገሩን በፌዝ ነው የሚያወራው። ሆኖም መንኰራኵር ውሃን ወደ ኋላ ሲገፋ ጀልባን ወደ ፊት እንደሚያስኬድ መረዳት የሚያስነቅፍ አልነበረም፤ የጐደላቸው እንፋሎቱ ብቻ ነው።

እንፋሎት ወደ አፍሪካ ሐይቆች የገባው ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሰው ትከሻ ተሸክሞ ነው። በ1875 ከስኮትላንድ የተላኩ ሚስዮናውያን «ኢላላ» የምትባል ትንሽ መርከብ በዛምቤዚ ወንዝ አፍ አምጥተው ገጣጠሙና በወንዙ ወጡ፤ የሺሬ ድንጋያማ መውረጃ ዘንድ ሲደርሱ እንደ ገና ፈታቷት። ብረቱ አንድ ሰው እንዲሸከመው ሆኖ አስቀድሞ ተከፋፍሎ ነበርና፥ በብዙ መቶ የሚቈጠሩ የአገሩ ሰዎች ተሸክመው መውረጃውን በእግር አሳለፏት። ከዚያ በላይ ተገጣጥማ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ኒያሳ ሐይቅ ገባች። የሚስዮናውያኑ መሪ የኤድዋርድ ያንግ ስም በመጽሐፍ ተጽፏል፤ የተሸካሚዎቹ ግን አልተጻፈም።

ወደ ቪክቶርያ የተላከችው «ዊልያም ማኪኖን» ደግሞ በመንገድ ብዙ ዘገየች። በስኮትላንድ ተሠርታ ብረቷ በ1896 ሞምባሳ ደረሰ፤ ነገር ግን የባቡር ሐዲዱ ገና ስላልተዘረጋ ዕቃው በየመንገዱ ተበታትኖ ቈየና ተሰብስቦ ተገጥሞ ወደ ውሃ የወረደው በ1900 ነው። ሐዲዱ ኪሱሙ የደረሰው በ1901 ሲሆን ከዚያ ወዲህ ሌሎች ከእርስዋ የሚበልጡ መርከቦች በየተራ መጥተው በኪሱሙ ተገጠሙ። ከዚህ የሚታየው፥ የሐይቅ መርከብ ታሪክ ከባቡር ሐዲድ ታሪክ የማይለይ መሆኑ ነው። ሐዲዱ እስኪደርስ ድረስ የመርከቡ ትልቅነት የሚለካው በተሸካሚው አንገት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ሊነገር የሚገባው በታንጋኒካ ሐይቅ ላይ ስለ ሠራችው መርከብ ነው። ይህች መርከብ በ1913 በጀርመን አገር፥ ፓፐንቡርግ በምትባል ከተማ ተሠራች፤ ስሟም በአንድ የቀድሞ አገረ ገዥ ስም «ግራፍ ፎን ጎትሰን» ተባለ። ርዝመቷ 70 ሜትር ያህል ነው። ተሠርታ ካለቀች በኋላ ተፈታችና በ5,000 ሣጥኖች ታሸገች፤ ሣጥኖቹ በባሕር ዳሬሰላም፥ ከዚያም 1,250 ኪሎ ሜትር ያህል በባቡር ተጕዘው ኪጎማ ደረሱ። አንቶን ሩተር የሚባል ባለሙያ ከሁለት ጓደኞቹ ጋራ ከሣጥኖቹ ጋራ መጣና፥ ከሕንድ የመጡ ሠራተኞችንና ብዙ የአገሩን ሰዎች ይዞ በሐይቁ ዳር የብረት ሰሌዳውን በጋለ ችንካር እያጋጠመ ገነባት። በፌብሩዋሪ 1915 ወደ ውሃ ወረደች።

በዚያን ጊዜ ታላቁ ጦርነት ተነሥቶ ነበርና ለሕዝብ ማመላለሻ የታሰበችው መርከብ መድፍ ተተከለባት። እንግሊዞችም በበኩላቸው ሁለት የሞተር ጀልባዎች ከኬፕታውን በባቡር፥ ሐዲዱ ሲያልቅ ደግሞ በእንፋሎት ጐታችና በበሬ እያስጐተቱ በኮንጎ ዱር አሳልፈው ሐይቁ ላይ አወረዱ። በጁላይ 1916 ጀርመኖች ኪጎማን ለቀው ሲሄዱ መርከቢቱ በጠላት እጅ እንዳትወድቅ ራሳቸው አሰጠሟት። በዚህ ላይ ግን የሠሯት ባለሙያዎች የሚደነቅ ሥራ ሠሩ፤ ውሃ እንዳያዝገው ሞተሩን በወፍራም ቅባት ለቀለቁት። የገዛ እጁን ሥራ እንዲያጠፋ የታዘዘ ሰው ትእዛዙን እየፈጸመ ለሚመጣው ዘመን እንደዚህ ማሰቡ ጥቂት ነገር አይደለም።

ከጦርነቱ በኋላ ቤልጅጎች አወጧት፤ ነገር ግን በ1920 በኪጎማ ወደብ ታስራ ሳለች በማዕበል እንደ ገና ሰጠመች። በ1924 እንግሊዞች ሲያወጧት የእንፋሎት ጋኗና ሞተሯ ከዓመታት በኋላ ለሥራ የሚሆን ሆኖ ተገኘ። ተጠግና በ1927 ሥራ ስትጀምር «ሊየምባ» ተባለች፤ ይህም የአካባቢው ሰዎች ሐይቁን ከሚጠሩባቸው ስሞች አንዱ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት እንፋሎቱ ቀርቶ የናፍጣ ሞተር ገባባት። በሐይቁ ዳር ካሉት መንደሮች ብዙዎቹ ወደብ የላቸውም፤ መርከቢቱ ከዳር ራቅ ብላ ስትቆም ሰዎች በትንንሽ ጀልባ ሙዝና የደረቀ ዓሣ፥ ልጅና ሽማግሌ ይዘው እየቀረቡ ይወጡባት ነበር። በሜይ 2015 ከቡሩንዲ ሁከት ሸሽተው ካጉንጋ በምትባል፥ ከኋላዋ ተራራ ከፊቷ ውሃ በሆነ ጠባብ ዳርቻ የተከማቹትን ስደተኞች በየጕዞዋ 600 ያህል እየጫነች ወደ ኪጎማ ካደረሷቸው አንዷ ይህችው የ100 ዓመት መርከብ ናት። በ2010ዎቹ መጨረሻ ለጥገና ከሥራ ቆመች።

መርከብ 100 ዓመት እንድታገለግል ያደረገው ጥንካሬዋ ብቻ አይደለም፤ ሌላ አለመኖሩም ነው። በሐይቅ ላይ አንዲት መርከብ ለማምጣት ያን ያህል ድካም ስለሚያስፈልግ መርከቦቹ ጥቂት ናቸው፤ ሕዝቡ ግን በየዓመቱ ይበዛል። ሞት የሚገባው በዚህ በር ነው።

ነገሩን ለመረዳት ብረት ለምን እንደሚንሳፈፍ ማወቅ ያስፈልጋል። አርኪሜዲስ የሚባለው የግሪክ ሊቅ እንዳስረዳው፥ ውሃ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ከስፍራው በገፋው ውሃ ክብደት ልክ ወደ ላይ ይገፋል። ደንገል ከውሃ ይቀላልና በባሕርዩ ይንሳፈፋል። ብረት ግን ከውሃ ይከብዳል፤ መርከብ ሆኖ የሚንሳፈፈው በውስጡ አየር ይዞ ብዙ ውሃ የሚገፋ ሰፊ ጐድጓዳ ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ የብረት መርከብ ከታንኳ እጅግ የሚበልጥ ትሸከማለች፤ ነገር ግን ውሃ በከንፈሯ የገባ ቀን፥ ወይም አየሯ የወጣ ቀን፥ ብረትነቷ ይመለስባታል።

መምህሩ ይህን በክፍል ውስጥ ሊያሳይ ይችላል። በሰፊ ገበቴ ውሃ ይሙላ፤ አንድ ጭብጥ የደረቀ ደንገል ወይም ሸንበቆ አስሮ ያንሳፍፍ፥ በአጠገቡም ቁመቱ ዝቅ ያለ የቆርቆሮ ሳሕን ያስቀምጥ። ልጆቹ በሁለቱም ላይ ጠጠር አንድ በአንድ ይጨምሩ። ደንገሉ ቀስ እያለ ይጠልቃል፥ ጠጠሮቹ ይረጥባሉ፥ ይንሸራተታሉም፤ እርሱ ግን ይቀራል። ሳሕኑ ብዙ ጠጠር ይሸከማል፤ ከንፈሩ ከውሃው ጋራ እኩል ሲሆን አንዲት ጠጠር ስትጨመር ግን ሁሉን ይዞ ይወርዳል። ከዚያ እንደ ገና ተንሳፎ፥ ከንፈሩ ሁለት ጣት ያህል ከውሃው በላይ ሳለ በከሰል ምልክት ይደረግበት። በባሕር መርከቦች ጎን ላይ የሚሣለው የጭነት ልክ መስመር ይህ ነው፤ ሳሙኤል ፕሊምሶል የሚባለው የእንግሊዝ ፓርላማ አባል ስለ መርከበኞች ነፍስ ብዙ ተከራክሮ በ1876 በሕግ ያስወሰነው ነው። ቀጥሎ ጠጠሮቹ ሳይጨመሩ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይገፉ። ሳሕኑ ልኩን ሳያልፍ ይገለበጣል። ልጆቹ ከሁሉ ይልቅ የሚገረሙት በዚህ ነው፤ መምህሩም ፈጥኖ እንዳያልፈው።

አሁን ወደ ሆነው ነገር እንመለስ። በኒያሳ ሐይቅ ላይ በ1946 አዲስ የነበረችው «ቪፕያ» በአራተኛ ጕዞዋ ብርቱ ነፋስ ላይ ወጣች፤ የዕቃ ቤቷ መክደኛ ሳይዘጋ ማዕበል ገባባትና በጁላይ 30 ቀን ተገልብጣ ከ194 ሰዎች 145ቱ ሞቱ። በዚህ ጕዳይ ጭነቱ ሳይሆን መክደኛው ነው የገደለው።

በቪክቶርያ ሐይቅ ላይ «ቡኮባ» የምትባለው መርከብ በሜይ 21 ቀን 1996 ወደ ምዋንዛ ስትሄድ፥ ከወደቡ ብዙ ሳትርቅ ተገለበጠች። ልኳ 430 ሰው ነበር። የአንደኛና የሁለተኛ ማዕርግ ተሳፋሪዎች 443 መሆናቸው በመዝገብ ተገኘ፤ ሦስተኛ ማዕርግ ግን መዝገብ አልነበረውም። ርካሽ ቲኬት የገዛው ድኻ ስሙ ሳይጻፍ ገብቷል፤ ሲሞትም ስንት እንደ ሆነ ለማወቅ አልተቻለም። መንግሥት የተናገረው ቍጥር 894 ነው፤ ከዚህ የሚለዩ ቍጥሮችም ተነግረዋል። መዝገብ መያዝን እንደ ቀላል ሥራ የሚቈጥር ሰው ቢኖር ይህን ያስብ። ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ። መርከቢቱ ተገልብጣ ሆዷ ከውሃ በላይ በነበረ ጊዜ በውስጧ ሰዎች በሕይወት ነበሩ፤ ሊያድኗቸው የመጡት ብረቱን ቀዱት፥ ነገር ግን በቀዳዳው ይዟት የነበረው አየር ወጣና መርከቢቱ ሰጠመች። መምህሩ አንድ የቆርቆሮ ጣሳ በሥሩ በምስማር በስቶ፥ ቀዳዳውን በጣቱ ደፍኖ፥ አፉን ወደ ታች አድርጎ ውሃ ውስጥ ቢያስገባው ውሃው አይሞላበትም፤ ጣቱን ሲያነሣ አየሩ ይወጣል፥ ጣሳውም ወዲያው ይሞላል። የደግ ልብ ሥራ እንኳ ዕውቀት ሲጐድለው ምን እንደሚያመጣ ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አይገኝም።

ከ22 ዓመት በኋላ፥ በሴፕቴምበር 20 ቀን 2018፥ በዚያው ሐይቅ ላይ በኡኬሬዌና በኡካራ ደሴቶች መካከል የምታመላልሰው «ንዬሬሬ» የምትባል መሻገሪያ ጀልባ ወደ ኡካራ ወደብ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ተገለበጠች። ልኳ 101 ሰው ሲሆን የሞቱት ብቻ 228 ናቸው። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ዳሩ ሲቀርብ ቀድሞ ለመውረድ ሰው ወደ አንድ ጎን ሲተራመስ የሚሆነውን በሳሕኑና በጠጠሮቹ አይተናል። የጀልባይቱ መካኒክ በሞተሩ ክፍል አየር በቀረበት ስፍራ ተዘግቶ ከሁለት ቀን በኋላ በሕይወት ወጣ።

አንዳንድ ሰው እንዲህ ያለውን ወሬ ሲሰማ፥ «ሕዝቡ ራሱ ተጋፍቶ ገብቶ!» ይላል። ይህ ፍርድ የሚያጓድል ነገር ነው። በደሴት የሚኖር ሰው እህሉን የሚሸጠው፥ ሕመምተኛውን የሚያሳክመው በዚያች ጀልባ ብቻ ከሆነ፥ ጀልባይቱ ሞልታለች ብሎ ዳር ላይ መቅረት ገበያውን ብቻ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ ልጁን ማጣት ነው። ልኩን ማወቅና መቍጠር የጀልባው ሹም ሥራ ነው፤ ሁለተኛ ጀልባ ማምጣት ደግሞ የመንግሥት ሥራ ነው። ተሳፋሪው የሚችለው የተጻፈውን ልክ ማንበብና ሲታለፍ መናገር ነው፤ ለዚህም ማንበብ ያስፈልገዋል።

በምዋንዛ ከዚያ ወዲህ ታላቅ መርከብ በሐይቁ ዳር ተሠርታ በፌብሩዋሪ 2023 ወደ ውሃ ወርዳለች፤ ርዝመቷ 92 ሜትር ከግማሽ ያህል፥ ልኳም 1,200 ሰው ነው። ሥራውን የያዙት የደቡብ ኮርያ ኩባንያዎች ቢሆኑም ብረቱን ከሠሩት መካከል የአገሩ ልጆች አሉበት። በኪጎማ በ1915 ችንካር ሲያቀብሉ ከነበሩት ሰዎች ይህ ልዩነት አለ፤ እነዚህ ሙያውን ይዘው ቀርተዋል።

በጣና ላይ ከ1936 ወዲህ ጣልያኖች የሞተር ጀልባ አምጥተው ነበር፤ ከእነርሱም በኋላ በባሕር ዳርና በጐርጐራ መካከል በዘጌና በደቅ በኩል ሰውና ዕቃ የሚያመላልሱ መርከቦች ሠርተዋል። በ2025 ደግሞ «ጣናነሽ 2» የተባለች ጀልባ ሳትፈታ ሙሉ አካሏን በከባድ መኪና ላይ ሆና ከጅቡቲ ተነሥታ፥ በየመንደሩ ሕዝቡ ወጥቶ እያያት፥ ዳገቱን ወጥታ ባሕር ዳር ደረሰች። ታንኳውም ከጐኗ አልጠፋም።

በሐይቅ ወይም በወንዝ አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት መምህር ልጆቹን አንድ የገበያ ቀን ወደ መሻገሪያው ይውሰድ። በጀልባው ላይ የተጻፈ የሰው ልክ መኖሩን ይፈልጉ፤ ካለ በደብተራቸው ይጻፉት። ከዚያ የሚገባውን ሰው፥ የሚጫነውንም ከረጢት እየቈጠሩ በሌላ ዐምድ ያስፍሩ፤ ጀልባው ከዳር ሲነሣም ከንፈሩ ከውሃው ስንት ጣት ከፍ ብሎ እንደሚታይ ይገምቱ። ሁለቱ ዐምዶች ተቀምረው ለወላጆች ይነበቡ።